የፏፏቴው ሸኚ

ተረት አይደለም የምነግራችሁ፤ ስለዚህ «የመሠረት» አትበሉኝ። ዝም ብላችሁ ስሙ። አንተ ባለ ቀዩ ሹራብ፣ ስልክህን አጥፋ። «ፏፏቴውን በጨረቃ ብቻዬን ወርጄ አየዋለሁ» ያልከው አንተ ነህ አይደል? እንግዲያው ላንተ ነው የማወራው። አገር ለማየት መጥታችሁ አገሩን አትሰሙም!

ሰዓቱ ልክ እንዲህ ነበር። ከብት ገብቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ውሻ እንኳ ያለ ምክንያት የማይጮህበት ሰዓት። መንገዱም ያው ነው፤ ከመንደሩ ወደ ገደሉ የሚወርደው ቀጭን መንገድ። ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል።

ድሮ ነው። አንዳርጌ የሚባል ሰው ነበር፣ መንገድ መሪ። እንደ እናንተ ለጉብኝት የሚመጣውን ሁሉ ወደ ፏፏቴው፣ ወደ ዋሻው፣ ጭላዳ ወደሚውልበት ሜዳ የሚወስድ። ጎበዝ ነበር? ጎበዝ ነበር። ትዕግሥት ነበረው? አልነበረውም።

አንድ ጊዜ ስታሽ የሚባል ፈረንጅ መጣ። አገሩ ፖላንድ ነው፤ ከተማው ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ከርሞ አማርኛችንን ለምዶ ነበር። ደግ ሰው ነበር አሉ፤ አንድ አመል ግን ነበረበት። ፏፏቴውን ሲያሳዩት፣ «እኛም ከከተማችን በላይ አለን። በብርድ ጊዜ ውሃው እንዳለ ድንጋይ ይሆናል።» ዋሻውን ሲያሳዩት፣ «እኛም አለን፤ ውስጡ በበጋም በረዶ ነው።» ተራራውን ሲያሳዩት፣ «የኛው ጫፍ ላይ ሆነህ የጎረቤት አገር ይታይሃል።» አገሩ ናፍቆት ነው እንጂ ንቆን አልነበረም። አንዳርጌ ግን ደሙ ፈላ።

«ታዲያ እዚያው ቁጭ ብለህ አታይም ነበር?» አለው።

ሊመሽ ሲል ገደሉ አፋፍ ደረሱ። ስታሽ፣ «ትንሽ ልይና ትሸኘኛለህ» አለ። አንዳርጌ ጀርባውን ሰጠው። «ተራራ ታውቅ የለ? ራስህን ሸኝ!» ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

ስታሽ አልተመለሰም። በነጋታው ባርኔጣው ብቻ ተገኘ።

እንግዳ ሸኝታችሁ ታውቃላችሁ? ወጋችን ምንድን ነው? ሸኚ በገዛ ፈቃዱ አይመለስም። ተሸኚው «ይብቃህ፣ ተመለስ» ሲለው ነው የሚመለሰው። ሽማግሌዎቹ አንዳርጌን ቁጭ አድርገው፣ «ምን ብሎህ ተለያያችሁ?» ብለው ጠየቁት። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «‹ይብቃህ፣ ተመለስ› ብሎኝ ነው» አለ። ማለበትም። በሞተ ሰው አፍ ዋሸ! ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ማታ አንዳርጌ ከሠርግ ቤት ብቻውን ይመጣል። መጀመሪያ ምን ሰማ? ኮቴ። የባዶ እግር አይደለም፣ የከባድ ጫማ ኮቴ። ቆመ፤ ኮቴው ቆመ። ሄደ፤ ኮቴው ሄደ። ቀጥሎ ብርድ መጣ፣ ጀርባውን ብቻ የሚበላ ብርድ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ።

«አንዳርጌ፣ ልሸኝህ።»

ሮጠ? በየትኛው እግሩ! በዓይኑ ጠርዝ አየ። ከጎኑ አንድ ረጅም ሰው፣ ባርኔጣ የሌለው፣ ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ይሄዳል። ውሃው መሬት ሳይደርስ ይጠጥራል። ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

እስከ ደጃፉ ሸኘው። አንዳርጌ መዝጊያውን ጨብጦ፣ «ይብቃህ፣ ተመለስ!» ብሎ ጮኸ።

«እሺ። አሁን ደግሞ አንተ ሸኘኝ።»

ሚስቱ እንጉዳይ በሩን ከፈተች። ከባሏ በቀር ማንንም አላየችም።

«አንተ ሰው፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ግባ እንጂ!»

«እንግዳ አለብኝ። ልሸኘውና እመለሳለሁ» አላት። አፉ ሌላ ሊል ፈልጎ ነበር፤ እግሩ ግን ዞሯል። እጁን ያዘችው። በረዶ ነው። ከእጇ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

ኩራዝ ይዛ ተከተለችው። ከፊቷ የባሏ ድምፅ ብቻ ይሰማታል። ዋርካው ሥር፣ «ልመለስ?» አለ። መልስ የለም። ወንዙን ሲሻገር፣ «ስታሽ፣ ልመለስ?» ዝም። አፋፉ ላይ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «በእመብርሃን፣ ይብቃህ በለኝ!» አለ። ስታሽ ያን ቃል በሕይወቱ አላለውም፤ ሞቶም አላለውም። ከዚያ በኋላ እንጉዳይ የሰማችው ፏፏቴውን ብቻ ነው።

አገር ጥላ ሄደች። ቤቱም ፈረሰ። አንዳርጌ ግን ዛሬም መንገዱ ላይ ነው። በጨለማ ብቻውን የሚሄድ ሰው ካገኘ ከኋላው ይከተልና፣ «ልመለስ?» ይለዋል፣ በለሆሳስ፣ የሚያሳዝን ድምፅ አድርጎ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? እ?

«ተመለስ» አልክ? ባለ ሹራቡ፣ ምነው ቸኮልክ! ጮክ ብለህ ነው ያልከው፤ ሁላችንም ሰማን። ወዴት እንደሚመለስ ሳትጠይቅ? ቤት የለው፣ ሚስት የለው። «ተመለስ» ካለው ሰው ጋር ነው አብሮ የሚገባው፤ ከገባም አይወጣም። ለዚህ ነው እኛ በሌሊት ብቻችንን የማንሄደው፤ ከሄድንም አፋችንን የማንከፍተው።

አትነሳ። ወደ ኋላህም አትዙር። ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ልጄ፤ ከኋላህ የቆመው ሰውዬ ካንተ ጋር ነው የመጣው?