መቶ ሃያ በሰማንያ

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመረጃ ባለሙያ በየወሩ መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ብቅ ይላል። የእርግዝና ክትትሉን መዝገብ ከሪፖርቱ ጋር ያመሳክራል፤ ዓይኑን ግን ከአዋላጇ ላይ መንቀል ተስኖታል። እሷም ብትሆን ያን ቀን ጋውኗን ሳትተኩስ መጥታ አታውቅም። ሲጠየቁ «ሥራ ነው» ይላሉ። ነገሩ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነበር፤ ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ወር መግባቱን የምታውቀው በጋውኑ ነው።

በአምስተኛው ወር መዝገቡን ገልጦ አንዱን ዓምድ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። 

«ሰባ ሦስት እናቶች፣ የሁሉም የደም ግፊት መቶ ሃያ በሰማንያ! መንታ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም።»

አዋላጇ መሳቢያውን ከፍታ የግፊት መለኪያውን አሳየችው። «መለኪያው ከተበላሸ ወር አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን አላሳወቃችሁም?»

«አክስቴ ወረዳውን በስልክ ጠይቃ ጠብቂ አሏት። ባዶ ቦታ ያለው ሪፖርት ሲመለስባት ጊዜ ሙሉት አለችን።»

አክስቷ የጣቢያው ኃላፊ ናት። እናቷ ስትሞት ወስዳ፣ ሳታገባ ሳትወልድ ያሳደገቻት እሷ ናት። ጡረታ ልትወጣ የቀራት አንድ ወር ብቻ ነው።

«ይሄ ከተጻፈ ያባርሯታል» አለችና እጁን ያዘችው። ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር። «አንድ ወር ብቻ እለፋት። በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል አፍቃሪ የት ይገኛል? «ተመሳክሯል፣ ትክክል ነው» ብሎ ፈረመ። ያን ቀን አብረው ወጡ፤ ሲስቁ ያየ ሁሉ ቀናባቸው።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር «ራሴን ፈለጠኝ» ብላ መጣች። አዋላጇ ማስታገሻ ሰጠቻት፤ ካርዷ ላይም ያንኑ ቁጥር በገዛ እጇ ጻፈችላት። በማግስቱ እያንፈራገጣት በሸክም መለሷት። የደም ግፊቷ አሻቅቦ ነበርና ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች፤ ልጇም አልተረፈም።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ሦስት አዳዲስ መለኪያ መጣ። ለካ አንድ ደብዳቤ ይበቃ ኖሯል። አክስቷም ከመባረር አልዳነችም።

ከወራት በኋላ እንድታገባው ሊጠይቃት መጣ። ከስቷል። ትወደዋለች፤ ጥፋቱ የራሷ መሆኑንም አላጣችውም። ግን ፊቱን ባየች ቁጥር የምታየው ያችን ሴት ነው።

«ያደረግኩት እኮ ላንቺ ብዬ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ያኔ እምቢ ብትለኝ ኖሮ፣ ሳምንት አኩርፌህ አገባህ ነበር።»