ትልቅ ዲሽ በጠባቡ ያያል

ፊርደውስ ብሎኑን አጥብቃ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም። ብሎኑን መልሳ አላላችና ዲሹን ግማሽ ጣት ያህል ወደ ግራ ገፋችው። የለም። ወደ ቀኝ መለሰችው። አሁንም የለም። ከአሥር ደቂቃ በፊት እኮ ነበር! ቀርፋፋም ቢሆን ነበር።

ቆርቆሮው እርጥብ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ እሷ ግን ጣሪያ ለምዳለች። ከውቤ በረሃ ከፍ ብሎ ባለው በዚህ አሮጌ ግቢ አምስት ቤተሰብ ይኖራል፣ አምስት የቲቪ ዲሽም አለ። ነፋስ አንዱን ነቅነቅ ባደረገ ቁጥር «ፊርዱ!» ተብላ የምትጠራው እሷ ናት። ቁጥር አሥራ ሦስት ቁልፏን ይዛ ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ ከታች አንድ ሰው ቲቪው ፊት ይቆማል፣ ከዚያ መጯጯህ ነው።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ፣ መጣ… ኧረ ሄደ!»

«አሁን?»

«እዚያው! እንዳትነኪው!»

አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ከዚህ የበለጠ የምትኮራበት ሙያ አልነበራትም።

ይሄኛው ዲሽ ግን የቲቪ አይደለም። ፎቁ ላይ የሚኖሩት የጋሼ በፍቃዱ የኢንተርኔት ዲሽ ነው። መንገዱ ሲቆፈር መስመሩ ተቆርጦ ከቀረ ወዲህ ጋሼ በፍቃዱ በሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት አስገብተዋል። መጀመሪያ የተተከለላቸው ዲሽ ከሰፌድ የማይበልጥ ነበር። ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ግን ኢንተርኔቱ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይጠፋ ጀመር። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት አታክልቲ የሚባል ቴክኒሺያን መጥቶ ትንሹን አወረደና ይህን ሕፃን ልጅ የሚያስተኛ ነጭ ዲሽ ተከለ።

ያን ቀን ፊርደውስ ለጋሼ በፍቃዱ ልጅ፣ ለሰገነት፣ ምላ ተገዝታ ነበር። «ዲሹ አደገ ማለት ፍጥነቱም አደገ ማለት ነው። ወላሂ፣ ቪዲዮው ገና ሳትነኪው ነው የሚከፈትልሽ!» ፊርደውስ ያለ ወላሂ ወሬ አትጀምርም። አባቷ አብዱልሃሚድ «ልጄ፣ የአላህ ስም ለሻይም ለስኳርም አይጠራም» እያለ ይገሥጻታል፤ እሷም «ወላሂ ሁለተኛ አልልም» ትለዋለች።

ሰገነት በሁለት ዓመት ትበልጣታለች፤ ሒሳብ የምታስጠናትም፣ ሚስጥሯን የምታውቅላትም እሷ ናት። ዛሬ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰገነት የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በኢንተርኔት ትፈተናለች። ካለፈች ከመስከረም ጀምሮ በነፃ ትማራለች። ፈተናው አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለሁለት ሰዓት ብቻዋን በተዘጋ ክፍል ካሜራ ከፍታ መቀመጥ አለባት፤ ካሜራው ከተቋረጠ ፈተናውም ያበቃል። የስልክ ዳታ እንዳይባል ደግሞ፣ በዚያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚሄድ ነገር ነው።

ታዲያ ትናንት ሰገነት ኢንተርኔቱን ሞክራው «ፊርዱ፣ ያው እኮ ነው። ምንም አልፈጠነም። ባለሙያ ነኝ ስትይ አልነበር?» ብላ ሙድ ያዘችባት። ቀልድ ነበር፤ ፊርደውስን ግን አንገበገባት። ሰውዬው ቸኩሎ ነው የሄደው፣ በደንብ አላስተካከለውም ብላ ደመደመች። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ማንም ሳያያት ቁልፏን ይዛ ወጣች። ትንሽ አዙራ፣ ኢንተርኔቱን አብርራ፣ ሰገነትን አፏን ልታስይዛት ነበር ሐሳቧ።

«ዘርፌ! ኢንተርኔቱ ሄደ እኮ!» የሚል የጋሼ በፍቃዱ ድምፅ ከሥር መጣ። ብሎኑን እንደምንም አጥብቃ በጓሮ በኩል ወረደች። እግሯ መሬት ሲረግጥ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ አጓራ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ በፍቃዱ ለሚስታቸው፣ ሁሉን ነገር ማስረዳት የሚወዱ ሰው ናቸውና። «መብረቅ ነው። በመስመሩ ገብቶ ዕቃውን መትቶታል።»

ሰገነት ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ ጓሮ አገኘቻት። «ፊርዱ፣ ዲሹን ነካሽው እንዴ?»

«እኔ? ኧረ አልነካሁም!»

ሰገነት ትንሽ አየቻትና ደረጃውን መልሳ ወጣች።

ፊርደውስ ወዲያው ወጥታ ላስተካክለው ብላ አስባ ነበር። ግን ዝናቡ ወረደ፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጋሼ በፍቃዱ መሰላሉ ሥር ወንበር አውጥተው ስልክ መደወል ጀመሩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልተነሱም። እሷም ሦስት ሰዓት ሙሉ ከቤት ወደ ጓሮ ተመላለሰች።

ስድስት ሰዓት ላይ አታክልቲ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ፊርደውስ ፎቁ በር ላይ ቆማ ሰማች። ጋሼ በፍቃዱ ስለ መብረቁ አስረዱ። አታክልቲ የኢንተርኔቱን ሳጥን ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዲሹን ሐሙስ በራሴ እጅ ነው ያሰርኩት፣ እሱ የትም አይሄድም። መብረቅ ከነበረ ሳጥኑ ነው የተመታው። ቢሮ ወስጄ ማስፈተሽ አለብኝ።»

«ታዲያ አሁኑኑ ቀይርልና» አሉ ጋሼ በፍቃዱ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ መጋዘኑ ዝግ ነው። ሰኞ በጠዋት ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ሰገነት አላለቀሰችም። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ያዘጋጀቻቸውን ሁለት እርሳሶችና ባዶ ወረቀቶች አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ፊርደውስ ያን ማየት አልቻለችም፤ ዞራ ደረጃውን ወረደች።

አታክልቲም ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ተከትሏት ይወርዳል። የእንጨቱ ደረጃ በእያንዳንዱ እርምጃው ይንቋቋል። ከተናገረች «ዲሽ የምትሠራው ልጅ ዲሽ አበላሸች» ተብሎ ግቢው ሁሉ ይስቅባታል፤ ሼም ነው። ከዚህ በኋላ ማን ይጠራታል? ካልተናገረች ደግሞ ሳጥኑ ሄዶ ሰኞ ይመለሳል። ያኔም አይሠራም፣ ፈተናውም ካለፈ ሁለት ቀን ይሆነዋል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ዞራ መንገዱን ዘጋችበት።

«ይቅርታ፤ ሳጥኑን ይዘው አይሂዱ።»

«ለምን?»

«ሳጥኑ ጤነኛ ነው። ዲሹን እኔ ነኝ ያዞርኩት። ጠዋት። እርስዎ ቸኩለው በደንብ ያላስተካከሉት መስሎኝ ነው።»

አታክልቲ ሳጥኑን ከብብቱ አወረደ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን!»

ፊርደውስ ግራ ገባት። «አልተቆጡም?»

«ሳጥኑ ቢሆን እኮ ሰኞ ነበር። ዲሹ ከሆነ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። ነይ፣ የነካሽውን አሳዪኝ። ደግሞ እርስዎ እርስዎ አትበይኝ፤ ገና ሚስት እንኳን አላገባሁም።»

ወደ ላይ ተመልሶ «አንድ ነገር ልሞክር» ብሎ ሳጥኑን ሰካውና ሁለቱም ጣሪያ ላይ ወጡ። ጋሼ በፍቃዱ ልጅቷ ቁልፍ ልታቀብለው መስሏቸው አልከለከሏትም። አታክልቲ ከቦርሳው ስልክ የምታህል መለኪያ አውጥቶ ከዲሹ ጋር አገናኛት። መለኪያዋ ጭጭ አለች።

«ስንት አዞርሽው?»

«አንድ ጣት ቢሆን ነው። በኋላ ግን ወደ ነበረበት መለስኩት።»

«ወደ ነበረበት? በምን አወቅሽ?»

«በዓይኔ ገምቼ።»

አታክልቲ ሳቀ። «የቲቪ ዲሽ ትሠሪያለሽ አይደል?»

«የግቢውን ሁሉ።»

«ገባኝ። የቲቪው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ዲሽ በሰፊው ነው የሚያየው። ትንሽ ብትስቺም ይምርሻል። ትልቅ ዲሽ ግን በጠባቡ ነው የሚያየው። ያየውን አጥርቶ ያያል፣ ቶሎም አይለቅም። ግን ሳተላይቷን በግማሽ ጣት ከሳትሻት አለቀ፣ የለችም።»

ፊርደውስ የትልቁን ዲሽ ነጭ ፊት አየችው። ይህን ሁሉ ሰፍቶ በጠባቡ ማየቱ ገረማት። «ታዲያ ይሄን ያህል አድጎ ለምን አልፈጠነም?»

«ፍጥነቱ በውሉ ነው። ጋሼ የተዋዋሉት ያንኑ የድሮውን ነው። ትልቅ ባልዲ ስለያዝሽ ቧንቧው ፈጥኖ ይወርድልሻል?»

«አይወርድም።»

«እንደዚያ ነው።»

«እና ትልቁ ምን ጠቀመ?»

«ሲዘንብ ታያለሽ» አለና ብሎኑን አላላ።

እሷ የዲሹን ጠርዝ ያዘች፣ እሱ ከኋላ በቀስታ ይገፋል። እንዲህ ቀስ ተብሎ ዲሽ ሲዞር አይታ አታውቅም። የቲቪውን እሷ በክንዷ ነው የምታዞረው፤ እሱ በትንፋሹ የሚገፋው ይመስል ነበር። መለኪያዋ አንድ ጊዜ ጢጥ አለች። ቆይታ ደግሞ ጢጥ። ከዚያ ጢጥ ጢጥ ጢጥ እያለች ፈጠነችና ሳታቋርጥ ጮኸች። አታክልቲ ብሎኑን አጠበቀ።

ፊርደውስ አላስቻላትም። እንደ ልማዷ አንገቷን አስግጋ «መጣ?» ብላ ጮኸች።

ከታች መልስ የለም። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት። ከዚያ በሩ ተበርግዶ ሰገነት እየሮጠች ወጣች። ሰገነት ሰገነቱ ላይ ናት፤ ይህ በግቢው ሰዎች አፍ ያረጀ ቀልድ ነው፤ ዛሬ ግን ማንም አላስታወሰውም።

«መጣ! ፊርዱ፣ መጣ! እዚያው! እንዳትነኩት!»

ፊርደውስ ቆርቆሮው ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች፣ እንባዋም መጣ። አታክልቲ ያላየ መስሎ ከደረት ኪሱ ማርከር አወጣና ከብረቱ ምሰሶ እስከ ዲሹ ማሰሪያ አንድ ጥቁር መስመር አሰመረ። «ከመንካትሽ በፊት ምልክት ማድረግ ነው። ሐሙስ እኔም ይሄን ረስቻለሁ፤ ጥፋቱን ለሁለት እንካፈል። ይመችሽ» ብሎ ማርከሩን ሰጣት። ለጋሼ በፍቃዱም «ይሠራል» ከማለት ሌላ ምንም ሳይጨምር ሄደ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የሰገነት በር ተዘጋ። ስምንት ተኩል ላይ ደግሞ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ፊርደውስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የተዘጋውን በር ታያለች። አሁን ይከፈታል፣ አሁን ሰገነት «ሄደ!» ትላለች ብላ ጠበቀች።

«ፊርዱ! ኧረ ቲቪው ሄደ!» አለች ከታች ቤት እትዬ አዳነች።

«ዝናቡ ነው እትዬ፣ ሲያባራ ይመለሳል!»

የእትዬ አዳነች ትንሽ ዲሽ ለቀቀ፤ የሰገነት በር ግን አልተከፈተም። ትልቁ ዲሽ ሳተላይቷን ይዟታል ማለት ነው። ፊርደውስ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘረጋች። ራቧም ያኔ ነው የታወቃት።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ሰገነት ቀጥታ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አንዴም አልተቋረጠም! ሁሉንም ሠርቻለሁ፣ ሁለት ብቻ ነው የገመትኩት!»

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰገነት በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት። «ጠዋት እኮ ወላሂ አላልሽም።»

«እ?»

«ዲሹን ነካሽው ወይ ስልሽ። አንቺ እኮ ሻይ ጠጣሁ ለማለት እንኳን ወላሂ ትያለሽ። ያኔ ግን አላልሽም። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ሳጥኑን ሲነቅለው ነው ትዝ ያለኝ። ሮጬ ልይዝሽ ስወጣ ደረጃው ላይ ስትነግሪው ሰማሁሽ።»

ፊርደውስ አንገቷን ደፋች። «አልተናደድሽብኝም?»

«ለአምስት ደቂቃ በጣም ተናድጄ ነበር። ከዚያ ኢንተርኔቱ መጣ።» ሰገነት ሳቀች። «ለአባዬ ግን አልነገርኩትም። እሱ የራስሽ ነው።»

ጋሼ በፍቃዱ በረንዳው ላይ ቆመው ቁልቁል ለእትዬ አዳነች ያወራሉ። መብረቁ ከጠዋት ጀምሮ በጣም አድጓል፤ አሁን ብርሃኑ እስከ አምስት ኪሎ ድረስ የታየ ነው። «በመስመሩ ገብቶ ሳጥኑን ሊበላው ለጥቂት ነው የተረፈው!» ይላሉ። እትዬ አዳነችም «ኧረ እግዚኦ!» ትላለች።

ፊርደውስ ዝም ብትል መብረቁ መብረቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ማርከሩን ኪሷ ውስጥ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ተነስታ ደረጃውን ወጣችና ጋሼ በፍቃዱ ወሬያቸውን እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆመች።

«ምነው ፊርዱ?» አሉ ዞረው።

«ጋሼ፣ መብረቅ አልነበረም» አለች። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ።»