የአቬሊኖ ግራ ዓይን

ጀልበኛው አቬሊኖ በማግዳሌና ወንዝ ዳር፣ ወደ ጀልባው በሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ማለዳ ሞቶ ተገኘ። ግራ ጆሮ ግንዱ ተፈንክቷል፤ በግራ ዓይኑ ላይ ጥቁር ቀለም ፈሷል። አልማዝ ባለጭራ ግንባሩን ከያዘው ወር አልፎታል። በዚያ መንደር ይህ ሕመም የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ ዶኛ የሚሏቸው ወይዘሮ ክሪስፒና በሽፍታው ዙሪያ በቀለም ጸሎት ይጽፉለታል። ስለዚህ መርማሪ ኖኤሚ ባራጋን ስትደርስ መንደሩ በእሳቸው ላይ ፈርዶ ጨርሷል። ሚስቱ ኦፌልሚና የዶኛን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። ሰው እንዲህ ቶሎ ሲፈርድ እኔን ይከነክነኛል፤ ኖኤሚንም ሳይከነክናት አልቀረም።

«አይተሃል አሉ» አለችው የሟችን ታናሽ ወንድም ሊባርዶን።

«በዓይኔ በብረቱ!» አለ ሊባርዶ፣ እጆቹን ከኪሱ ሳያወጣ። «ዛሬ የጻፉበት ቀለም ዓይኑ ገባ። ‹አቃጠለኝ!› እያለ ሊታጠብ ሲሮጥ ተንሸራተተ።»

«ባሌን በሉት!» ጮኸች ኦፌልሚና።

«እኔ አልጻፍኩም» አሉ ዶኛ ክሪስፒና። «ሽፍታው አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ገብቷል ማለት ነው። እናቴም እንዲያ ያለውን አትነካም ነበር። ሐኪም ዘንድ የላክሁት እኔ ነኝ። እሱም ‹መንደሩ እንዳይስቅብኝ፣ ምስጢር ያድርጉልኝ› አለኝ።»

«ወሬ!» አለ ሊባርዶ።

ኖኤሚ የሟችን ባርኔጣ ገለበጠች። ከገበሩ ውስጥ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት አወጣችና ሁሉንም ሰብስባ አነበበች።

«ሐኪሙ ግራ ዓይኑን በጥጥ ነክቶታል፤ አልተርገበገበም። በሽታው ማየቱን ብቻ ሳይሆን ስሜቱንም ገድሎታል። ሚጥሚጣ ቢነሰነስበት እንኳ አይሰማውም። ታዲያ ምን አቃጠለው?»

ኖኤሚ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ሊባርዶ ዞረች።

«ቀለሙን ያፈሰሰበት ዶኛ ጽፈዋል ብሎ የገመተ፣ የሐኪሙን ነገር ያልሰማ ሰው ነው። ሊባርዶ፣ እጅህን አሳየኝ።»

ጥፍሮቹ ሥር ቀለም ነበር። ኦፌልሚና የዶኛን ክንድ ለቀቀች።

«በአንድ ዓይን መሪውን አለቅም አለ!» ፈነዳ ሊባርዶ። «ትናንት በግራው የመጣ ታንኳ ገጨ፤ ሁለት ሕፃናት ለጥቂት ተረፉ። ዛሬም ለመንኩት። ‹ወንዙን ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ› ብሎኝ ወደ ጀልባው ዞረ። መቅዘፊያው በእጄ ነበር።»

«በየት በኩል ሆነህ መታኸው?»

ሊባርዶ የወንድሙን ፊት አየና ማልቀስ ጀመረ።

«በግራው» አለ። «እኔ መሆኔን እንዳያይ።»