ስድስተኛው ውሸት

ጎሚስታው ጎማውን ሲፈታ አቧራ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች።

ጎማው በመንገድ ላይ አልተበሳም። ራሷ ናት በሚስማር የበሳችው። ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዋ የማይጠፋው ሞተር ሳይክል ያልፍ ወይም ይቆም እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ቆመ።

ሰውዬው ከመንገዱ ማዶ ለስላሳ ገዝቶ በእጁ ያዘ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጎነጨውም። በዚህ ፀሐይ ለስላሳ ገዝቶ የማይጠጣ፣ ወይ ጥርሱን ያመዋል ወይ ሰው ይጠብቃል።

አቧራ የስለላ ስሟ ነው። አንባቢ የሚያውቃት ግን «የመንገድ ልጅ» በሚለው የብዕር ስም ነው። ሦስት ዓመት በዚህች አሮጌ ፒክአፕ አገር ላገር ስትዞር፣ በየሳምንቱ አርብ ጋዜጣ ላይ ጉዞዋን ትጽፋለች። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የትኛው አልጋ ቤት ቁንጫ እንዳለው፣ የትኛው ኬላ ጠባቂ አፉ እንደሚሸት ሳትደብቅ ትናገራለች። ሰው የሚወዳት ስለማትዋሽ ነው።

የዋሸችው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ስድስቱንም በትእዛዝ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ገዳዮች የሚያሳድዱትን ምስክር ፈልጋ ትደብቃለች። ከዚያ የተደበቀበትን ቦታ በጽሑፏ ጠርታ፣ እዚያ የሌለ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። «አጎት» የሚባለው አለቃዋ ያንን ውሸት ለይቶ ያነብና፣ ጋዜጣው በወጣበት ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ልኮ ምስክሩን ድንበር ያሻግራል። እሷ በዚያ ሰዓት ሩቅ መሆን አለባት። ሲያሻግሩ አንድም ቀን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ይህን ጥንቃቄ ትለው ነበር። ሞኝነትም ደህና ስም ሲወጣለት ያምራል።

ዛሬ አርብ ነው። ስድስተኛው ውሸት ጠዋት ታትሞ ወጥቷል።

አንድ ከባድ መኪና ተንፍሶ ቆመ። ቦርጩ ከሸሚዙ የቀደመ ሾፌር ወርዶ ወደ እሷ መጣ። አቧራ እጇን ወደ ጎማ መፍቻው ብረት አስጠጋች።

«የመንገድ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«ማን ነው የጠየቀ?»

«እኔማ ማን ነኝ። አንቺን ባላውቅ መኪናሽን ከሚስቴ በላይ አውቃታለሁ። የግራ መብራቷ የተሰነጠቀ፣ በሯ በሽቦ የታሰረ ብለሽ ጽፈሽ የለ?»

«ጽፌያለሁ።»

«እንግዲያስ እንቺ።» የታጠፈ ወረቀት ከጉያው አወጣ። «መንዳት ያስተማረኝ ሰው ነው የላከው። ከእጇ ሌላ ለማንም ብትሰጥ መሪ አይገዛልህ ብሎ ረግሞኛል። ባለ ሠላሳ አንድ ዓመቱ በላት፣ ታውቀኛለች ብሏል።»

ታውቀዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ፣ አደጋ ሁለት እግሩን የወሰደበት ጡረተኛ ሾፌር ነው። ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅሎ ጉዞዋን በጣቱ ይከተላል፤ በየሳምንቱም ይጽፍላታል። «ልጄ፣ ያ ዳገት ሦስት መታጠፊያ እንጂ ሁለት አይደለም፤ ተኝተሽ ነው የነዳሽው?» ብሎ ብቻዋን አስቋት ያውቃል። አንድ ቀን እንኳ ሳይተያዩ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ዘመድ የምትለው እሱን ነው።

ወረቀቱን ገለጠች።

«ልጄ፣ አምስት ጊዜ የሌለ ነገር ጻፍሽ። መጀመሪያ ደክሟት ነው አልኩ። በዚያ ወንዝ ላይ ጀልባ ኖሮ አያውቅም። ሾፌሮችን ጠየቅኩ። ጀልባ አለ ባልሽበት መንደር፣ ጽሑፍሽ በወጣ ዕለት አንድ መምህር ታርዶ ተገኝቷል። የድንጋይ ድልድይ ባልሽበት አንዲት ሴት ከነልጇ። አምስቱም ቦታ ሰው ሞቷል፣ አምስቱም አርብ ቀን። ለጋዜጣው ብጽፍ መልስ የለም። ወይ አንቺ ክፉ ነሽ፣ ወይ ክፉ ሰው በብዕርሽ ያርዳል። ክፉ አትመስይኝም።»

አንዴ አነበበችው። ሁለተኛ አላስፈለገም።

አምስት ምስክር አሻገርኩ ብላ ነበር። አምስቱንም ለቢላ አቀብላለች።

ስድስተኛዋ ነርስ ናት። በምትሠራበት ሆስፒታል ጓሮ እጃቸው ታስሮ የተረሸኑትን፣ የረሸኑትንም ፎቶ አንስታ ያመለጠች። አቧራ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ደብቃታለች። ጋዜጣው ላይ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የውሃ ጉድጓድ አለ ብላ ጽፋለች። ጉድጓድ የለም።

ሰዓቷን አየች። አራት ተኩል። ወፍጮ ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ስልኳ ጮኸ።

«የት ነሽ?»

«ጎሚስታ ጋ ነኝ አጎቴ። ጎማ ተበሳብኝ።»

«እዚያው ቆይ። ሰው እልክልሻለሁ።»

«ለአንድ ጎማ ነው ሰው የሚልኩልኝ?»

«አትቀልጂ። ቆይ ብያለሁ።»

ዘጋ።

ከመንገዱ ማዶ የሞተር ሳይክሉ ሰውዬ ስልክ አነሳ። አዳመጠ። ለስላሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

መንገዱን ተሻገረ። እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው።

አቧራ አልሸሸችም። ሦስት እርምጃ እስኪቀረው ጠበቀችና ብረቱን በእጅ አንጓው ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሽጉጡ ወደቀ። በግራው ቢላ ሲመዝ ሁለተኛውን አንገቱ ሥር ደገመችለት።

አልተነሳም።

«ኧረ በሕግ!» ብሎ ጮኸ ጎሚስታው። «ኧረ ደንበኛዬ፣ ሥራ ቦታዬ ላይ!»

ሾፌሩ ወደ መኪናው አፈገፈገ። «እህቴ፣ ጉዞ ጸሐፊ ናት ነበር ያለኝ...»

«ነኝ። አሁን መኪናህን መንገዱ ላይ አጋድማት። ከዚህ ወዲያ አንድም መኪና እንዳያልፍ።»

«ምን ብዬ?»

«ተበላሸችብኝ በላ! ሾፌር ውሸት ይቸግረዋል?»

የሟቹን ጃኬት ለበሰች። የራስ ቁሩን አጠለቀች። ሽጉጡን ወገቧ ላይ ሻጠችና በሞተር ሳይክሉ በረረች።

ወፍጮ ቤቱ ሲታይ የወፍጮው ሞተር እየደነፋ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጠብመንጃ ያዥ የጓደኛውን ጃኬት አይቶ እጁን አነሳ።

«ጨረስካት?»

በደረቱ ተኮሰች።

ከመግቢያው ጀርባ ባለ ወፍጮው ጉሮሮው ተቆርጦ ወድቋል። አንድ ቁና እህል ያልበደለ ሰው። የራስ ቁሩን አውልቃ ተሻግራው ገባች።

ነርሷ ተንበርክካለች። ከኋላዋ አጎት ሽጉጡን ጭንቅላቷ ላይ ደግኖ ቆሟል። ዱቄት ፀጉሩን፣ ቅንድቡንና ውድ ካፖርቱን አልብሶታል።

«ቆይ ብዬሽ ነበር» አለ።

«አምስቱንም አንተ ነህ?»

«ደግሞ አንተ አልሽኝ?»

«ከዚህ የባሰ ስድብ አጣሁ።»

ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሁለት ጌታ ያለው ነው ዕድሜ የሚጠግበው። ለገዳዮቹ ምስክሮቹን እሰጣለሁ፣ ለእኛ ቢሮ ሪፖርት እጽፋለሁ። ያ ሽማግሌሽ ለጋዜጣው ሲጽፍ ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ቤቱ ሰው ልኬበታለሁ። ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ ነው ያገኙት። ይህን ወፍጮ ቤት እየፈለገ።»

አቧራ ዓይኗን ወደ ነርሷ ጣለች። ነርሷም አየቻት።

የነርሷ እጅ ዱቄት ዘግኖ ወደ ላይ፣ ወደ አጎት ፊት ረጨ።

አጎት በጭፍን ተኮሰ።

የአቧራ ቀኝ እጅ ተቃጠለ። ሽጉጧ ወደቀ። ዝቅ ብላ ስታይ ጠቋሚና መሐለኛ ጣቶቿ የሉም። አጎት ዓይኑን እየጠረገ ዳግመኛ ሊተኩስ ሲል በትከሻዋ ገጨችው። የካፖርቱ እጅጌ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ ላይ አረፈ።

ቺንጋ ጌታም ሎሌም አይለይም። ካፖርቱን ጎተተ፣ ክንዱን ጎተተ፣ አጎትንም ጎተተ። ጩኸቱ አጭር ነበር። ወፍጮው አንዴ ተንገጫግጮ ሥራውን ቀጠለ።

«እጅሽ!» አለች ነርሷ።

«ኋላ።»

«ነርስ ነኝ እኮ!»

«እንግዲያ እየሮጥሽ እሰሪዋ!»

ነርሷ በሞተር ሳይክሉ ላይ ከኋላ ተፈናጣ፣ ከቀሚሷ ጫፍ ቀድዳ አሰረችላት። አቧራ በግራ እጇ እየመራች፣ በአውራ ጎዳና ሳይሆን በእግረኛ መንገድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንበሩን ተሻገሩ። ነርሷን በገዛ እጇ፣ በዓይኗ እያየች ለሚቀበሏት ሰዎች አስረከበች።

በወሩ ፎቶዎቹ በየአገሩ ጋዜጣ ወጡ። የረሸኑት ሰዎች ከነፊታቸው ታወቁ፤ አዛዡ ከአልጋው ተይዞ ካቴና ገባለት።

ጎሚስታው ጋ የቀረችው ፒክአፕ ግን ገደል ውስጥ ከነሾፌሯ ተቃጥላ ተገኘች ተባለ። ማን እንደወሰዳት አቧራ አልጠየቀችም። የሞተ ሰው አይጠይቅም።

አሁን አንድ አውቶቡስ ውስጥ ከአቧራ ጎን የተቀመጠችው ሴት ጋዜጣ ዘርግታ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። አቧራ ቀኝ እጇን በሻርፗ ሥር ሸሽጋለች።

«ምነው፣ ሰው ሞተብሽ?»

«የመንገድ ልጅ ሞተች እኮ! አላነበብሽም?» ሴትየዋ ጋዜጣውን ወደ እሷ ገፋች። «መጀመሪያ የጻፈችውን መልሰው አውጥተውታል። ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም ነበር፤ እሷን እያነበብኩ ነው ዛሬ እንኳ ለመሄድ የደፈርኩት። እስቲ እይው።»

አቧራ ገጹን አየችው። እያንዳንዱን መስመር ታውቀዋለች።

«ማንበብ አልችልም» አለች።

«ውይ፣ ምን ነውር አለው! እናቴም አትችልም ነበር። ላንብብልሽ?»

«አንብቢልኝ።»

ሴትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። አቧራም ያንን መንገድ አይታው የማታውቅ ይመስል አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።