የማክሰኞው ወረቀት

መጀመሪያ የመጣው የሞተር ድምፅ ነበር። ገና ምንም አይታይም። ከላይ ነጭ፣ ከታች ነጭ፣ በመሃል ጩኸት ብቻ።

ሊድያ እጇን አላቆመችም። ያገለገለውን ማጣሪያ ወረቀት በፕላስቲክ ወረንጦ ከአየር መምጠጫው ሳጥን አነሳች። ፖስታ ውስጥ ከተተች። አሸገች። ቀን ጻፈችበት፤ አርብ።

ጆሮዋ ግን ሥራ ላይ ነበር። ቀጠሮው አንድ ሰው በአንድ የበረዶ ሞተር ነው።

ከመጀመሪያው ድምፅ ኋላ፣ በጣም ርቆ፣ ሌላ ድምፅ ሰማች።

ሁለት ናቸው።

በዚህ የአየር መለኪያ ጣቢያ ስምንት ወር ሠርታለች። ስሟ ሊድያ አይደለም። የላኳት ሰዎች «ድምቢጥ» ይሏታል። ከዋናው ከተማ፣ በሩ ላይ ምንም ካልተጻፈበት ትንሽ የምርመራ ክፍል ነው የመጣችው። ሥራዋ አንድ ነው፤ በዚህ የዓለም ጫፍ በረዶ ላይ የሚወርደው ኒኬልና እርሳስ ከየት እንደሚመጣ ማረጋገጥ።

ዘጠና ኪሎ ሜትር ወዲያ ያለው የቴምኖጎርስክ ማቅለጫ ፋብሪካ «ከባሕር ማዶ ነፋስ ያመጣብን ነው» ይላል። ባለፈው ማክሰኞም እቶኑ ለጥገና ተዘግቶ ነበር ብሎ ለፍርድ ቤት በማኅተም ጽፏል። እቶኑ አልተዘጋም። ማክሰኞ ነፋሱ ቀጥ ብሎ ከፋብሪካው ሲነፍስ ውሎ፣ የዚያን ቀን ወረቀት ጥላሸት መስሎ ወጣ። የየማዕድኑ እርሳስ ደግሞ የየራሱ አሻራ አለው። ወረቀቱ ሰኞ ችሎት ከመግባቱ በፊት ቤተ ሙከራ ከደረሰ፣ ውሸቱ ያከትማል። ካልደረሰ ሁለተኛ እቶን ይፈቀዳል። የሚተከለው የአገሬው አጋዘን አርቢዎች፣ ኔኔቶች፣ አጋዘኖቻቸውን በሚያዋልዱበት ሜዳ ላይ ነው።

ሞተሩ ከነጩ ውስጥ ወጣ። ጋላቢው ቀይ ኮፍያ አድርጓል። ሮዲዮን፣ ኬሚስቱ፣ ወረቀቱን ሊወስድ የተቀጠረው መልእክተኛ። ፎቶውን አይታለች። እሱ ግን አያውቃትም። የሚያውቀው የምስጢር ስሟንና የይለፍ ቃሉን ብቻ ነው።

ሞተሩን አቆመ። ግን አላጠፋውም።

ያውም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል።

 እዚህ ሙያ ውስጥ የገባ ሰው ቀለበቱን ያወልቃል፣ ፊቱን ለነፋስ ይሰጣል፣ ሞተሩን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ርቆ ያጠፋል። ጀማሪ እንኳ አይስተውም። አሁን ጭሱ እየተግተለተለ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ይመጣል። ወረቀቱ እንዲናገር የሚፈልግ ኬሚስት እንዲህ አያደርግም።

«ነፋሱ ከየት ነው?» አላት። የይለፍ ቃሉ ነው።

የእሷ መልስ «ከፊቴ ነው» መሆን ነበረበት።

«ከሰማይ ነዋ! ከየት ሊሆን ኖሯል?» አለችው እንደ ሞኝ አፏን ከፍታ። «ደግሞ ያንን ሞተር አጥፋው፤ ጆሮዬን በጣኸው።»

ዓይኑን አጠበበ። «እዚህ ሌላ ማን አለ?»

«አለቃዬ አሉ። ሻይ እየጠጡ ነው። መቼ ጠጥተው እንደሚጨርሱ እግዜር ይወቅ።»

«ሂጂ። እኔ ጓደኛዬን ልጠብቅ።»

አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ከጀርባው ይነበባል።

እቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ጌናዲ ፓቭሎቪች፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ጉልበታቸውን ለምድጃው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖረዋል።

«ሊዶችካ፣ እንግዳ ነው?»

«ሁለት።»

መደርደሪያው ላይ የሳምንቱ ፖስታዎች ተደርድረዋል። ስድስቱ ቀን አላቸው። ሰባተኛው ላይ «ባዶ» ተጽፏል። እንደ ደንቡ፣ በየሳምንቱ አንድ ንጹሕ ወረቀት ይከፈትና አየር ሳይመጠጥበት ይዘጋል፤ ከሌሎቹ ጋር እንዲመሳከር። ጓንቷን አጠለቀች። የማክሰኞውን ከፈተች። ጥቁሩን ወረቀት «ባዶ» ውስጥ፣ ነጩን የማክሰኞው ውስጥ። እንደገና አሸገች።

ቀና ስትል ሽማግሌው እያዩዋት ነው።

ሁለተኛው ሞተር ደጃፉ ላይ ጠፋ።

«ባዶውን ሞላሽው አይደል?» አሏት በለሆሳስ።

 እጇ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የዳቦ ቢላዋ ሄደ።

«እኔኮ ፋብሪካው በላከልኝ «ብክለት ዜሮ» በሚል ወረቀት ላይ ስፈርም ነው ያረጀሁት» አሉ፤ ሻያቸውን ፉት አሉ።

በሩ በርግጫ ተከፈተ።

የገባው የፋብሪካው ጥበቃ አለቃ ቦርጾቭ ነው። ትከሻው በሩን ሞላው። ሮዲዮን ከኋላው ነው። ቦርጾቭ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረና የሽማግሌውን ብርጭቆ አንስቶ ጠጣ።

«ስኳር የለውም» አለ። «ከሁለታችሁ አንዱ ድምቢጥ ይባላል። የትኛችሁ ነው? ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ። ውጪው ግን ሠላሳ ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ ጫማችሁንም እኔ ነኝ የማወልቀው።»

ጌናዲ ፓቭሎቪች ከምድጃው ቀና አሉ።

«እሺ፤ ከልጅቷ እንጀምር።»

«እኔ ነኝ» አሉ ጌናዲ ፓቭሎቪች።

ቦርጾቭ ሳቀ። «አንተ? ድምቢጥ? አንተ እኮ የባሕር አንበሳ ነህ! ሆድህን አይተኸዋል?»

«ሆዴን ተወውና ስማ። የማክሰኞውን ወረቀት ለፍርድ ቤት ልልክ ነበር። እቶኑን አልዘጋችሁትም። ይኸው።»

ቦርጾቭ ወደ ሊድያ ዞረ። «አንቺስ? ምን ታውቂያለሽ?»

ይህችን ደቂቃ በስልጠና አስተምረዋታል። ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ጠርጥሬያቸው ነበር» አለች። «የመደርደሪያውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት። እኔን ወለል ያስወለውሉኛል። ውሰዷቸው፤ ገላግሉኝ።»

«እባብ!» ጮኹ ሽማግሌው። «ክረምቱን ሙሉ በምድጃዬ ያሞቅሁሽ! የሻይሽ ጠብታ መርዝ ይሁንብሽ! የሚቀብርሽ አይኑር!»

ምራቃቸው ጉንጯ ላይ አረፈ። አልጠረገችውም። ሊያድኗት ይሁን ከልባቸው፣ አላወቀችም።

ሮዲዮን ፖስታዎቹን ሰበሰበ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት። ሰባተኛውን አነሳ።



«ይኼስ?» አለ ቦርጾቭ።

«ባዶ ነው። ተከፍቶ የተዘጋ ብቻ፤ ምንም የለበትም።» ሮዲዮን መልሶ ወረወረው። ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ሲጥል የኖረ እጅ ነው።

ስድስቱ ምድጃ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌውን ኮታቸውን እንኳ ሳያስደርቧቸው አስወጧቸው። ሊድያ ኮቱን ከምስማሩ አውርዳ ተከትላ ወጣች። ቦርጾቭ ነጥቆ መሬት ጣለው።

«ምን አሳዘነሽ?»

«የጣቢያው ንብረት ነው» አለችው።

ሞተሮቹ ሄዱ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ኤይኮ ያፕቲክ መጣ። አርብ አርብ ዓሣ አምጥቶ ሻይ ቅጠል የሚወስድ የኔኔት አጋዘን ጠባቂ ነው። አራት አጋዘኖች የሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ላይ ሆኖ ከሩቅ ተጣራ።

«ጌናዲ ፓቭሎቪች! ብርዱ አይብላህ፣ የሰባ ዓሣ ይዤልሃለሁ!»

ሊድያ ብቻዋን ወጣች። ፖስታው ደረቷ ውስጥ ነው።

«ሽማግሌው የታሉ?»

«የፋብሪካው ሰዎች ወሰዷቸው። ባቡር ጣቢያ አድርሰኝ፤ ዛሬውኑ። ሜዳችሁን የሚያድን ወረቀት ይዣለሁ።»

ኤይኮ መሬት የወደቀውን ኮት አየ። አነሳው። በረዶውን አራገፈ።

«ሲወስዷቸው አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ውሰዷቸው አልኩ።»

ረጅሙን የመንጃ ዘንግ ጨበጠ። በዘንጉ የሚመታት መሰላት።

«እኛ ዘንድ ውሻ እንኳ ጌታውን ሲወስዱበት ይጮኻል» አለ። «እናት አጋዘኖቹ ሊወልዱ ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው። እነሱ ባይሆኑ እዚሁ ለቀበሮ ትቼሽ ነበር። ጋሪው ላይ ውጪ!»

ስድስት ሰዓት ተጓዙ።  ሲርባት ጥሬ ዓሣ ቆርሶ ሳያያት ወረወረላት። ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ኮቱን አጣጥፎ ጋሪው ላይ አሰረ፤ ለራሱ አስቀረው። ስትወርድ «ደህና ሁን» አለችው። አጋዘኖቹን መታና ዞረ።

ወረቀቱ እሁድ ጠዋት ቤተ ሙከራ ገባ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከዚያ በጣም ርቆ በደቡብ ባለች የባቡር ከተማ፣ ቬራ የምትባል ሴት በሠራተኞች ምግብ ቤት ጎመን ትከትፋለች። ፀጉሯ አጭር ነው። መታወቂያዋ አዲስ ነው። ማንም ሁለት ጊዜ አያያትም። የመጨረሻው መልእክት ከአለቃዋ በአንድ መስመር ነበር የመጣው፦ «ተሳክቷል። ማንንም አታውቂም።»

መደርደሪያ ላይ ያለው ራዲዮ ወሬውን ይነዛል። ፍርድ ቤቱ ሁለተኛውን እቶን ከለከለ። በረዶው ላይ የተገኘው እርሳስ የቴምኖጎርስክ ማዕድን መሆኑ ተረጋገጠ።

«ጎሽ!» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት ታማራ ኩዝሚኒሽና። «የነዚያ ሌቦች ጭስ እኛንም ሳይፈጀን።»

ራዲዮው ቀጠለ። የቀድሞ የአየር መለኪያ ጣቢያ ኃላፊ በስለላ ተከስሰው የፊታችን አርብ ቴምኖጎርስክ ችሎት ይቀርባሉ። የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። ጠበቃ አልፈልግም ብለዋል። የግራ እግር ጣቶቻቸው ብርድ በልቷቸው ተቆርጠዋል።

የጎመኑ ቢላዋ ቆመ።

«ቬራ፣ ምነው? እጅሽን ቆረጥሽ እንዴ?»

ቬራ ቢላዋውን ታጠበች። አደረቀችው። ሽርጧን ፈትታ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ሰቀለች።

«አንቺ ልጅ! የት ነው? ምሳ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው! ሾርባው ገነፈለ እኮ!»

ወደ ሰሜን ወደሚሄደው ባቡር ስታመራ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።