የዋንዛው ጀርባ

«በጣም አሪፍ ነው፣ አባዬ» አለች ሶሬቲ፣ ጣቶቿን ከጊታሩ ክሮች ላይ ሳታነሳ።

አባቷ ደገፋ ግንባሩን በክንዱ ጠረገና ፈገግ አለ። «እንደ ድሮው ነው?»

«ከድሮውም ይሻላል።»

ውሸቷን ነበር። ጊታሩ ታፍኗል። ክሩን ስትመታው ድምፁ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል፤ አፉን በትራስ ሸፍኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከጀሞ ስትመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ከባድ ሻንጣውን ጊታሯ ላይ ጥሎ ጀርባውን ለሁለት ሰነጠቀባት። ደገፋ መካኒሳ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቱ በርና አልጋ ነው የሚሠራው፤ ጊታር ነክቶ አያውቅም። ሆኖም ስታለቅስ ሲያይ «ስጪኝ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አላት። የተሰበረውን ጀርባ ፈነቀለና በር ሲሠራ ከተረፈው የዋንዛ ሳንቃ በልኩ ቆርጦ፣ በኮላ አጣብቆ፣ ቫርኒሽ ቀባው። ሲያዩት ያምራል። ወደ ሥራ ቤቱ ብቅ ላለ ሁሉ «የልጄ ነው» እያለ ሲያሳይ ሰነበተ።

በማግስቱ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ሶሬቲ ጉዱን ለጓደኛዋ ለምስጢር ነገረቻት። ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ የመዝጊያ በዓል ላይ ሁለቱ ራሳቸው የደረሱትን ዘፈን ያቀርባሉ፤ ምስጢር ትዘፍናለች፣ ሶሬቲ ትጫወታለች። ወላጆችም ተጠርተዋል።

«ለዚህ ነው እንዲህ የተጨነቅሽው? ኦሊያድ ጊታሩን ያውሰናል» አለች ምስጢር።

«አባቴ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ። ቀለማቸው አንድ ነው። ጀርባው እንደሆነ ወደ ሆድሽ ነው የሚዞረው፤ ማን ያየዋል? አታካብጂ፣ ሶሪ።»

እውነቷን ነበር፤ ማንም አያየውም። ሶሬቲን የከበዳትም ይኸው ነበር። አባቷ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ፣ ላልሠራው ጊታር በኩራት ሲያጨበጭብ ታያት።

ከትምህርት በኋላ የክፍላቸው ልጅ ኦሊያድ ጊታሩን ሰጣት። አንድ ጊዜ መታችው። ድምፁ ግቢውን ሞላው፤ ጀርባው ሆዷ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። የራሷ ጊታር እንደዚያ ካደረገ ሰንብቷል።

«በይ እንለማመድ» አለች ምስጢር።

«መጀመሪያ አባቴ ጋ ልድረስ» አለች ሶሬቲ።

ደገፋ ሳንቃ እየላገ ነበር። ሁለት ጊታር ይዛ ስትገባ መላጊያውን አቆመ።

«አባዬ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ።»

«ምኑን?»

«ጊታሩ... ድምፁ የለም። ታፍኗል።»

ደገፋ ከልብሱ ላይ ፍቅፋቂ አራገፈ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደክመህበታላ። ሰው ሁሉ አየው።»

«ሰው በሩ አልዘጋ ሲለው መጥቶ ይነግረኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የደበቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሶሬቲ መሬት መሬቱን አየች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«በይ ያንን ምቺው እስቲ» አለ ቆየት ብሎ።

በኦሊያድ ጊታር ተጫወተች። ደገፋ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጀርባው ላይ አደረገ። ከዚያ በራሷ ጊታር አጫወታት፤ አሁንም መዳፉን አስጠጋ። በመጨረሻ ሁለቱንም በጣቱ አንኳኳቸው። አንደኛው ከውስጥ መለሰለት፤ የዋንዛው ግን ድፍን ብሎ ቀረ።

«ያኛው ስስ ነው» አለ። «ይንቀሳቀሳል። እኔ ሁለተኛ እንዳይሰበርብሽ ብዬ አወፈርኩት።» ድንገት ሳቀ። «በር እኮ ነው የሠራሁልሽ!»

ሶሬቲም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ደገፋ ስስ ቢላዋ አሞቀና በመገጣጠሚያው እያስገባ፣ ቀስ በቀስ ጀርባውን አላቀቀው። «መሳሳት አለበት። ኮላውም ሊደርቅ ጊዜ ይፈልጋል። ለቅዳሜ ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

ሶሬቲ ስልኳን አወጣችና ደወለች። «ምስጢር፣ ዛሬ አልመጣም። ነገ በጠዋት እንለማመዳለን።»

«ቅዳሜስ?»

«የኔ ካልደረሰ በኦሊያድ ጊታር እጫወታለሁ። አባቴ ያውቃል።»

ምስጢር ትንሽ አሰበች። «አባትሽ ካወቀማ መደበቁ ምን ዋጋ አለው?» ብላ ሳቀች። «እሺ፣ ይመችሽ።»

ደገፋ ያላቀቀውን ሳንቃ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ይልግ ጀመር። ጥቂት ከላገ በኋላ አንስቶ በሁለት ጣቱ ያንጠለጥለዋል፤ ሶሬቲ ታንኳኳለች።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

እንደገና ላገ። ፍቅፋቂው እግራቸው ሥር ተከመረ። ውጭ የታክሲ ረዳቶች «ጀሞ! ጀሞ!» እያሉ ይጣራሉ። ለአምስተኛ ጊዜ ሲያነሳው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ቅንድቡ በብናኝ ነጥቶ ነበር።

«አሁንስ፣ ሶሬ? በቃ?»

ሶሬቲ አንኳኳች። ድምፁ ከመጀመሪያው በብዙ ተሻሽሏል፤ ሌላ ሰው ቢሰማው ይበቃዋል። የአባቷን ፊት አየች። ዓይኗን ጨፍና እንደገና አንኳኳች።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ አባዬ።»

ደገፋ መላጊያውን አነሳ፤ እሷም ሳንቃው እንዳይንሸራተት ጫፉን ያዘችለት።