አበባ የሆነችው ጥይት

አውቃለሁ... እዚህ ቻናል ላይ የሚጻፍ ሁሉ "እውነተኛ ታሪክ ነው" ብሎ ይጀምራል። እኔም እያነበብኩ ስቄበታለሁ።

የኔን ግን አባቴ በገዛ እጁ አጥቦ ከፍኖ ቀብሮታል። ያውም ሁለት ጊዜ። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ሉብና እባላለሁ። አዳማ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለኝ። ላም አዋልዳለሁ፣ የጋሪ ፈረስ አክማለሁ። ደም አይቼ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም።

አምና ጥቅምት ላይ ነው። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። ቦታው ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ፣ ወንድሜ ጃዕፈር በኪራይ ያረሰው የበቆሎ ማሳ ነው።

በዚያ ሰሞን ከርከሮ ማሳውን እየፈነቀለ አላስቀምጥ ብሎ ነበር። ገበሬዎቹ ለምነው ፈቃድ አገኙና ሦስት ባለመሣሪያዎች ለአደን ወጡ። ጃዕፈር መሣሪያ የለውም። እሱ በቆሎው ውስጥ ገብቶ፣ እየጮኸ ከርከሮዎቹን ወደ እነሱ ይነዳ ነበር።

ከርከሮዎቹ ወጡ።

ተተኮሰ።

ጃዕፈር ግን አልወጣም...

"በስህተት ተመታ። ማን እንደተኮሰ ግን አላየንም" አሉ ሦስቱም፣ በአንድ አፍ።

አባቴ የሰፈራችን ጀናዛ አጣቢ ነው። ልጁንም ራሱ አጠበው። ሬሳው ለምርመራ ይከፈት ሲባል "ልጄን አትቅደዱብኝ" ብሎ ለምኖ አስቀርቶ ስለነበር፣ ጥይቷን ያገኘው ሐኪም ሳይሆን እሱ ነው። በግራ ጎኑ ገብታ፣ በቀኝ ጎኑ ቆዳው ስር ቆማ ነበር።

በመሀረብ ቋጥሮ ሰጠኝ።

"ያዣት። እናትሽ እንዳታያት።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

"ጥፍሮቹ በሙሉ አፈር ነበሩ፣ ሉብና። አፉም ውስጥ አፈር ነበር።"

ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

ጥይቷን ብቻዬን ስሆን ፈትቼ አየኋት። አፏ አራት ቦታ ተከፍቶ አበባ ሆናለች። ሦስቱ ቅጠሎች ቀጫጭን ናቸው፣ አንዱ ሰፊ። የሰፊው ጫፍ አጥንት መትቶ ተሸርፏል። ደህና የክላሽ ጥይት እንዲህ አይከፈትም፣ በስቶ ነው የሚያልፈው። ይቺን ግን አንድ ሰው ውስጥ ገብታ እንድትከፈት ብሎ አፏን በብረት መጋዝ መስቀለኛ ቆርጧታል። ሲቆርጥም አጣሞታል።

ያ ሰው ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው ኦቦ ዱጋሳ ናቸው፤ አሮጌ ምንሽር የሚይዙ ሽማግሌ። ሁለተኛው ልዑልሰገድ፣ የአዳማ ነጋዴ ነው። ክላሽ አለው፣ ከክላሹ የሚበልጥ ጉራም አለው። ሦስተኛው ኡበይደላ ነው። እሱም ክላሽ ይይዛል። የጃዕፈር የልጅነት ጓደኛ ነው፣ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። እናቴ "ልጄ" ነው የምትለው።

ከቀብሩ በኋላ ሦስቱም ደጃችን መጡ። መሣሪያቸውን መሬት ላይ አጋደሙና እየተሻገሩ ማሉ። ቃሉን ያወጡት ኦቦ ዱጋሳ ነበሩ።

"ልጁን የመታ... ወይም አውቆ የደበቀ... ያቺው ጥይት ተመልሳ ትምጣበት!"

ሁለቱ ደገሙት። እናቴ አሚን አለች።

እኔ አላልኩም። እኔ ሰውየውን በእጄ ነበር የምፈልገው።

ከሳምንታት በኋላ አደኑ እንደገና ሲጀመር ሄድኩና እንዲህ አልኳቸው፦ "ጥይታችሁ ከርከሮው ውስጥ ገብታ ምን እንደምትሠራ ልይላችሁ። የማን ጥይት በቁሙ እንደሚጥል፣ የማን አቁስሎ እንደሚለቅ እነግራችኋለሁ።"

ደስ አላቸው። ጥይቱ ሲመሰገንለት የሚጠላ ባለመሣሪያ አላየሁም። ደግሞ በኛ አገር የከርከሮ ሬሳ የሚነካ ሰው የለም፤ ሙስሊሙም አይነካ፣ ክርስቲያኑም አይነካ። በገመድ ጎትተው ለጅብ ይተዉታል። ስለዚህ ጥይታቸው ውስጥ ገብታ ምን እንደምትመስል አንዳቸውም አይተው አያውቁም።

"የከርከሮ ሐኪም መጣችልን!" አለ ልዑልሰገድ እየሳቀ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥርሴን ነክሼ።

ጓንት አጥልቄ፣ ቢላ ይዤ እከፍት ጀመር። ማታ ቤት ስገባ እጄን እንደ ሸሪዓው ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፣ አንዱን በአፈር። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አትጠይቀኝም።

የኦቦ ዱጋሳ ጥይት ረጅም ናት። አጥንት ሰብራ ትጎብጣለች እንጂ አትከፈትም። የልዑልሰገድ ገብታ ትወጣለች፤ ከርከሮው በሁለት ቀዳዳ እየደማ እሾህ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። "በቁሙ ነው የምገነድሰው" የሚለው ሁሉ ባዶ ወሬ ነው።

ኡበይደላ አይተኩስም። "ከጃዕፈር ወዲህ እጄ እምቢ አለኝ" ይላል። ከኛ ግን አይቀርም። ክላሹን አንግቶ፣ በጀሪካን ውሃ ይዞ ይመጣና ስጨርስ እጄ ላይ ያፈስልኛል። አሳዘነኝ።

ከዚያ... ልክ ያልሆኑ ነገሮች ማየት ጀመርኩ።

የምከፍታቸው ከርከሮዎች ጉሮሯቸው አፈር ነው። ከርከሮ መሬት እንደሚቆፍር አውቃለሁ፤ አፍንጫው፣ ጥርሱ አፈር ቢሆን አይገርመኝም። ይሄ ግን እስከ ውስጥ ድረስ ነው።

ቤት ደግሞ ጥይቷ አለች። መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። መሀረቡን ስፈታ አፈር ተጣብቆባት አገኛለሁ። እጠርጋታለሁ። በማግስቱ ስፈታው... እንደገና አፈር።

አንድ ቀን ደግሞ ሳነሳት ጣቴን ፈጀችኝ። ገና አሁን የተተኮሰች ያህል ትሞቅ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር አልፈራሁም። ደስ ነው ያለኝ። ወንድሜ አብሮኝ ሰውየውን የሚፈልግ መሰለኝ።

በኅዳር አንድ ቀን፣ በዚያው በአስራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ከበቆሎው አንድ ትልቅ ወንድ ከርከሮ ወጣ።

አልሮጠም። ቆመ።

ልዑልሰገድ ተኮሰ። ሳተ።

ኦቦ ዱጋሳ ተኮሱ። ሳቱ።

ከርከሮው ቀስ ብሎ ዞረና... እኔን አየኝ። ከዚያ ጥርሱን ደግኖ እየጋለበ መጣብኝ። እግሬ መሬቱ ላይ ተተከለ።

"ሉብና! ተኚ!"

አንድ ተኩስ ብቻ። ከርከሮው እግሬ አጠገብ ተገነደሰ።

ኡበይደላ ነበር። ሕይወቴን አዳነኝ።

ከርከሮው ግን አልሞተም ነበር። የቆሰለ ከርከሮ ወደ ጫካው ነው የሚሸሸው። ይሄኛው በፊት እግሮቹ አፈሩን እየቧጠጠ ወደ ኡበይደላ ይሳብ ጀመር። አፉን ከፍቶ ድምፅ አወጣ... ረጅም፣ ሰው የሚጣራ የሚመስል።

ሦስቱን አየኋቸው።

አንዳቸውም አልተኮሱም። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ያንን ድምፅ ያወቁት ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

ከርከሮው የኡበይደላ ጫማ ጋ ሲደርስ ሞተ። ቢላዬን አወጣሁ።

"ሉብና..." አለ ኡበይደላ በሹክሹክታ። "ይሄን ተዪው።"

"ለምን?"

"ዛሬን ብቻ። በአላህ... አትክፈቺው።"

ከፈትኩት።

ጥይቷ በቀኝ ጎኑ ቆዳው ስር ቆማለች። አራት ቅጠል። ሦስቱ ቀጫጭን... አንዱ ሰፊ።

እጄ ላይ ውሃ ሲያፈስልኝ የከረመ እጅ ነው የቆረጣት።

ሁለቱ ራቅ ብለው ቆመዋል። ኡበይደላ ከፊቴ ተንበረከከ።

"ከርከሮ መስሎኝ ነው። ወላሂ ከርከሮ መስሎኝ ነው፣ ሉብና።"

"ወዲያው ነው የሞተው?"

ከርከሮው የቧጠጠውን አፈር አየ።

"ኡበይደላ። ወዲያው ነው?"

"ይጣራ ነበር..." አለ። "ስሜን እየጠራ ነበር። ልሄድ ስል እነሱ ያዙኝ። 'ከቀረብን ሁላችንም እንጠየቃለን፣ ትንሽ እንጠብቅ' አሉኝ።"

"እስከ መቼ ጠበቃችሁ?"

"ዝም እስኪል።"

ጥፍሮቹ... አፉ ውስጥ የነበረው አፈር... ወንድሜ ወደ ጓደኛው እየተሳበ ነው የሞተው። ጓደኛው ደግሞ ቆሞ እየሰማው።

ተኩሱን ይቅር እል ነበር። ሰው ይሳሳታል። ያንን ቆሞ መስማት ግን ይቅር አልልም። ዛሬም አልልም።

"እስከ ጁምዓ ለአባቴ ንገረው። በራስህ አፍ።"

"እነግረዋለሁ።"

ጁምዓ ደረሰ። አባቴ ከመስጊድ ብቻውን ተመለሰ። ኡበይደላ አልመጣም።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ከከርከሮው ያወጣኋት ጥይት እንዳስቀመጥኳት አለች። መሀረቡም እንደተቋጠረ ነው። ቋጠሮውን ፈታሁት።

ባዶ ነው። ትንሽ አፈር ብቻ።

በማግስቱ ኡበይደላን በበቆሎው ማሳ ውስጥ፣ በሆዱ ተደፍቶ አገኙት። ክላሹ ቤቱ ተሰቅሏል። ተኩስ የሰማ ሰው የለም። ሬሳውን ያየው ሐኪምም ቁስል አላገኘበትም። "ልቡ ነው" ተባለ።

ያጠበው አባቴ ነው።

እኔ ግቢ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁት። እጅጌው እንደረጠበ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ቁስል የለውም" አለኝ በሹክሹክታ። "አንድም ቀዳዳ የለውም። ውሃ ሳፈስበት ግን... ቀኝ ጎኑ ላይ ቆዳው በራሱ ለቀቃት።"

እጁን ዘረጋልኝ።

አራት ቅጠል። ሰፊው፣ ጫፉ የተሸረፈ።

"ልጄ... ይቺን ለአንቺ ሰጥቼሽ አልነበር?"

ተቀበልኳት። ሰባት ጊዜ አጠብኳት፣ አንዱን በአፈር። መሀረቡ ውስጥ ቋጥሬ ቆለፍኩባት። የሰማሁትን ለአባቴም ለፖሊስም አልተናገርኩም፤ ደበቅሁት። የቀሩት ሁለቱ የማሉት በራሳቸው አፍ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ዓመት ሙሉ ጥይቷ ከመሀረቡ አልወጣችም። አፈርም የለባትም፣ አትሞቅም። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ልዑልሰገድ ደወለልኝ።

"የከርከሮ ሐኪም! ከርከሮዎቹ ዘንድሮም መጥተውልናል። ከኦቦ ዱጋሳ ጋር መንገድ ላይ ነን፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማሳው ጋ እንሆናለን። ትመጫለሽ?"

"አልመጣም" አልኩት።

ከኋላው የኦቦ ዱጋሳ ድምፅ ተሰማኝ። "ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነጋ ነሽ ወይ? ደህና ነሽ? አባትሽን ሰላም በይልኝ!"

"እሺ ኦቦ። ደህና ይግቡ።"

ስልኩን ዘግቼ መሳቢያውን ከፈትኩ።

መሀረቡ እንደተቋጠረ ነው። ፈታሁት...

አፈር ብቻ።

አሁን አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይሄን የምጽፍላችሁ በዚያው በደወለልኝ ስልክ ነው። "ተመለሱ" ለማለት አንድ ጥሪ ይበቃል። ስሙ በጥሪ ዝርዝሩ አናት ላይ አለ። አልነካሁትም። አልነካውም።

ይሁን። እነሱም ወንድሜ ሲጣራ ሰምተውታል፤ አውቀውም ደብቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ ነው የረበሸኝ።

ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። ከብት አልነካሁም፣ ከርከሮ አልነካሁም። ከጠዋት ጀምሮ ጣቴ ያረፈው ስልኬና መሀረቡ ላይ ብቻ ነው። መሀረቡ ውስጥ የነበረውንም አፈር አልነካሁትም።

አሁን ግን ይሄን ስጽፍ ጣቶቼን አየኋቸው...

ጥፍሮቼ በሙሉ አፈር ናቸው።